«አረንጓዴው ጭራቅ»፦ በጓሮ የተሠራ መኪናና የእጅ ጥበብ በምሕንድስና ታሪክ

የመጽሔታችን ዝግጅት ክፍል ለዘንድሮው እትም ከምሕንድስና ታሪክ አንድ ርእስ መርጬ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ አንድ ታላቅ ድልድይ ወይም ግድብ ለመጻፍ ነበር። ነገር ግን ስለ ድልድይና ስለ ግድብ በእነዚህ ገጾች ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ብዙ የሚሉ አይጠፉም። እኔ ዛሬ ላወሳ የምፈልገው በአንድ የከብት መኖ ወፍጮ ቤት አጠገብ፣ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ ባልረገጠ ሰው እጅ፣ ከተጣለ ብረትና ከወታደር ቤት ትርፍ ዕቃ ተሠርቶ በዓለም ላይ ከነበሩት መኪናዎች ሁሉ ሦስት ጊዜ ፈጣን ለመባል ስለ በቃ አንድ መኪና ነው። ርእሱ ለማኅበራችን መጽሔት ክብደት ያንሰዋል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ በዩታ ግዛት ቦንቪል የተባለ የጨው ሜዳ አለ። በጥንት ዘመን ሰፊ ሐይቅ ነበር፤ ውኃው ተንኖ ካለቀ በኋላ ነጭ ጨው ብቻ ቀረ። በብርዱ ወራት ውኃ ይተኛበታል፤ የበጋው ሙቀት ሲያደርቀው ደግሞ እንደ አስፋልት ይጠነክራል። የእኛን የአፋርን የጨው ምድር ያየ ሰው የቦታውን መልክ በቀላሉ ሊገምተው ይችላል፤ ዛፍ የለ፣ ጉብታ የለ፣ ርቀትን የሚያስገምት ነገር የለ። የመሬት ላይ ፍጥነት ክብረ ወሰን ለመስበር የሚሹ ሰዎች ከ1930ዎቹ ጀምሮ ወደዚያ ይጎርፉ ነበር። ሕጉ ቀላል ነው። ተወዳዳሪው የተለካውን አንድ ማይል፣ ማለትም 1.609 ኪሎ ሜትር፣ በአንድ አቅጣጫ ይነዳል፤ ከዚያም በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ተመልሶ በተቃራኒው አቅጣጫ ይነዳል፤ የሁለቱ አማካይ ይመዘገብለታል። ይህም ነፋስ ከኋላ ገፍቶ ያስገኘው ትርፍ በመልሱ እንዲጣፋ ነው። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ነዳጅ መሙላት፣ ጎማ መመርመር፣ የማቆሚያውን ጃንጥላ እንደገና ማጠፍ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ክብረ ወሰኑ የነጂው ብቻ ሳይሆን የመካኒኮቹም ፈተና ነው።

እንግሊዛዊው ጆን ኮብ በ1947 በዚሁ ሜዳ ላይ በሰዓት 634 ኪሎ ሜትር አስመዝግቦ ነበር። ይህን አኃዝ ለዓመታት የሚደፍረው አልተገኘም። የአገሩ ልጅ ዶናልድ ካምቤል በሐምሌ 1964 በአውስትራሊያ በኤየር ሐይቅ ላይ ባደረገው ሙከራ 648 ኪሎ ሜትር ደረሰ፤ ሆኖም «ብሉበርድ» የተባለችው መኪናው አያሌ የብሪታንያ ኩባንያዎች የተባበሩባት፣ ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንደ ፈጀች የሚነገርላት ነበረች። ከእርሱ በፊት በነሐሴ 1963 ካሊፎርኒያዊው ክሬግ ብሪድላቭ ከጦር አውሮፕላን በተወሰደ የጄት ሞተር የምትገፋ ባለ ሦስት ጎማ መኪና አሠርቶ 655 ኪሎ ሜትር ነድቶ ነበር። ሞተሩ ጎማዎቹን ስለማያዞር፣ ጎማዎቿም ሦስት ብቻ ስለ ሆኑ፣ የመኪና ስፖርት ባለሥልጣኖች «ይህቺ መኪና አይደለችም» አሉ፤ የሞተር ብስክሌት ባለሥልጣኖች ግን ጎን ተሳቢ እንዳለው ሞተር ብስክሌት ቆጥረው መዘገቡለት። ያም ሆነ ይህ ብሪድላቭም የሥዕል ባለሙያዎች፣ የነፋስ ዋሻ ሙከራና የታላላቅ ኩባንያዎች ገንዘብ ከኋላው ነበሩት።

አሁን የምናወራለት ሰው ይህ ሁሉ አልነበረውም። አርት አርፎንስ በ1926 በኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ ተወለደ። አባቱ ከግሪክ የመጣ ስደተኛ ሲሆን፣ ቤተሰቡ የከብት መኖ የሚፈጭበት ወፍጮ ቤት ነበረው። በወፍጮ ቤት ያደገ ልጅ መካኒክነትን የሚማረው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ቀበቶ ሲበጠስ፣ ኩሽኔታ ሲግል፣ ገበሬው እህሉን ጭኖ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አርፎንስ በባሕር ኃይል ውስጥ የናፍጣ ሞተር መካኒክ ሆኖ በፓሲፊክ አገለገለ። ሲመለስ በዚያው በወፍጮ ቤቱ ሥራ ገባ።

በ1952 ከታላቅ ወንድሙ ከዋልት ጋር ሆነው የመጀመሪያውን የእሽቅድምድም መኪናቸውን ሠሩ። ባለ ሦስት ጎማ ነበር፤ ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር የኦልድስሞቢል ነው። ለቀለም የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረ ከትራክተር የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ቀቡት። በውድድሩ ቀን አስተዋዋቂው ይህን ፍጥረት ሲያይ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት «አረንጓዴው ጭራቅ መጣ» ብሎ በድምፅ ማጉያ ተናገረ። አርፎንስ በስድቡ አልተቀየመም። ከዚያ በኋላ የሠራቸውን መኪናዎች ሁሉ ማለት ይቻላል በዚሁ ስም ጠራቸው፤ ስለዚህ «አረንጓዴው ጭራቅ» የአንድ መኪና ስም ብቻ ሳይሆን የአንድ ረጅም ዘር ስም ነው።

ሁለቱ ወንድማማቾች ብዙ ሳይቆዩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በአሜሪካ የወታደር ትርፍ ዕቃ እንደ ጉድ ይሸጥ ነበር። ለተዋጊ አውሮፕላን የተሠራው ባለ አሥራ ሁለት ሲሊንደር፣ 28 ሊትር የሚይዘውና ከአንድ ሺህ ፈረስ ጉልበት በላይ ያለው የአሊሰን ሞተር ከዋጋው በጥቂቱ ይገኝ ነበር። ሌሎች ተወዳዳሪዎች የመኪና ሞተር እየሞረዱ ኃይል ለመጨመር ሲደክሙ፣ አርፎንሶች የአውሮፕላን ሞተር በሻንሲ ላይ ጭነው መጡ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ግን ተጣሉና ሥራቸውን ለየብቻ ያዙ። ጋራዣቸው ጎን ለጎን ሆኖ ሳለ ለዓመታት ሳይነጋገሩ ኖሩ። አክሮን ደግሞ የጎማ ከተማ ናት፤ ጉድይርና ፋየርስቶን ሁለቱም ዋና መሥሪያ ቤታቸው እዚያ ነበር። ዋልት ከጉድይር ጋር፣ አርት ከፋየርስቶን ጋር ተዋዋሉ። የወንድማማቾቹ ጠብ በዚህ መንገድ የሁለት ኩባንያዎች ፉክክር ሆኖ ቀጠለ።

በ1962 አርት አርፎንስ በጄት ሞተር የምትሄድ የመጀመሪያ መኪናውን ይዞ ወደ ቦንቪል ሄደና በሰዓት ከ530 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳ። ነጂው የሚቀመጥበት ክፍል ክዳን አልነበረውም። ለክብረ ወሰኑ ግን አልበቃም፤ የበለጠ ኃይል ያለው ሞተር እንደሚያስፈልገው ተረዳ።

ወደ ዋናው ነገር የምንገባው እዚህ ላይ ነው። ጄ-79 የተባለው የጀኔራል ኤሌክትሪክ ሞተር በዚያ ጊዜ የአሜሪካ አየር ኃይል ከነበሩት የላቁ ሞተሮች አንዱ ነበር፤ ከድምፅ ፍጥነት እጥፍ በላይ የሚበሩት ኤፍ-104ና ኤፍ-4 በእርሱ ነው የሚበሩት። አየሩን የሚያምቀው ክፍል አሥራ ሰባት ረድፍ አለው፤ በየረድፉ ብሌድ የሚባሉ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ተደርድረዋል። አፍተርበርነሩ፣ ማለትም በጭስ መውጫው ውስጥ ነዳጅ እንደገና የሚያቃጥለው ክፍል፣ ሲጨመርበት ግፊቱ ከ15,000 ፓውንድ ይበልጣል፤ ወደ ሰባት ቶን ያህል መሆኑ ነው። ዋጋውም ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ነበር። አርፎንስ እንዲህ ያለውን ሞተር ከአንድ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ በ600 ዶላር ገዛ። ሞተሩ የተጣለበት ምክንያት ባዕድ ነገር ውጦ ብሌዶቹ ስለ ተጎዱ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሞተር ሰው ይዞ ወደ ሰማይ መውጣት አይገባውም፤ ይህም ፍርድ ትክክል ነበር።

አርፎንስ ወደ ፋብሪካው ደውሎ የጥገና መመሪያውን መጽሐፍ ጠየቀ። አልሰጡትም፤ ሞተሩ ገና የወታደር ምስጢር ነበረና እንዲያውም በአንድ የግል ጋራዥ ውስጥ መገኘቱ አስደነገጣቸው። ስለዚህ ያለ መጽሐፍ ሞተሩን ፈታ። ከአንድ ሺህ ያህል ብሌዶች ውስጥ ስድሳ የሚሆኑት ተጎድተው አገኛቸው። መለወጫ አልነበረውም። አውጥቶ ጣላቸውና ያለ እነርሱ ሞተሩን ገጠመው።

በዚህ ቦታ ላይ አንባቢን ጥቂት ላቆም እወዳለሁ፤ ነገሩ ድፍረት ብቻ ሊመስል ይችላልና። በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ከሚዞር ጎማ ላይ አንድ ቅጠል ሲነሣ ሚዛኑ ይዛባል፤ ሚዛኑ ከተዛባ ደግሞ ኩሽኔታው በአጭር ጊዜ ውስጥ ያልቃል። ስለሆነም የሚያወጣው ሰው የቀረው ክብደት ዙሪያውን እኩል እንዲሆን አስቦ ማውጣት አለበት። የጎደሉት ብሌዶች ጥቂት የመታመቅ ኃይል ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን በአሥራ ሰባት ረድፍ ላይ ከተበተኑ ጉድለቱ አነስተኛ ነው። ለአውሮፕላን ይህ ተቀባይነት የለውም፤ ሞተሩ ለብዙ ሰዓታት መሥራት አለበትና። ለአርፎንስ መኪና ግን ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ የሚሠራው በአንድ ጉዞ ከአንድ ደቂቃ ለማይበልጥ ጊዜ ነው። አርፎንስ ይህን ስሌት በወረቀት ላይ አልጻፈው ይሆናል፤ ነገር ግን ፍርዱ የተመሠረተው በእርሱ ላይ ነው። ከዚያም ሞተሩን በጓሮው ካለ ዛፍ ጋር አስሮ አስነሣው። የጎረቤቶቹን ስሜት ለአንባቢ እተዋለሁ።

መኪናውን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ሁሉ በሞተሩ ዙሪያ የተሰፋ ልብስ ነው ቢባል አያሳስትም። ስድስት ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው ሻንሲ ከብረት ቱቦ ተበየደ። የነጂው መቀመጫ ከሞተሩ ፊት ወይም ላይ ሳይሆን ከጎኑ ሆነ፤ ሚዛኑን ለመጠበቅ በሌላው ጎን ተመሳሳይ ክፍል ተሠራ። የፊቱ አክስል የ1937 የሊንከን ነበር፤ መሪው ከ1955 ፓካርድ የተነቀለ ነው። አካሉ በእጅ ተቀጥቅጦ የወጣ ላሜራ ነበር። በአፍንጫው ላይ አየሩ አፍንጫውን ወደ ታች እንዲጫነው አጭር ክንፍ ተተከለ። ክብደቱ በጠቅላላው ወደ ሦስት ቶን ያህል ነው፤ የሞተሩ ግፊት ከመኪናው ክብደት ከእጥፍ በላይ ነበር ማለት ነው። አጠቃላይ ወጪው አሥር ሺህ ዶላር ገደማ እንደ ነበር ይነገራል።

ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ ሲወራ አድማጭ የሚስቀው በፓካርዱ መሪ ነው። ለእኔ ግን የሰውዬው ጥበብ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። መሪ በጨው ሜዳ ላይ ምን ይሠራል? መኪናው የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው፤ መሪው የሚዞረው በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው፤ ለከባድ የቤት መኪና ከተማ ለከተማ እንዲያዞር የተሠራ የመሪ ሳጥን ከዚህ የበለጠ ሸክም ችሎ ኖሯል። ስለዚህ አዲስ ለማሠራት ገንዘብ ማውጣት አላስፈለገም። በጎማው ላይ ግን አርፎንስ ከአሮጌ ዕቃ ክምር አልፈለገም፤ ፋየርስቶን ለዚሁ ብሎ የሠራውንና የሞከረውን ጎማ ነው የወሰደው። ምክንያቱን በአኃዝ እንየው። ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 35 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ በሰዓት 928 ኪሎ ሜትር ሲሽከረከር ብናስብ፣ በደቂቃ ሰባት ሺህ ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በጠርዙ ላይ ያለች አንዲት ግራም ጎማ ከአሥራ ዘጠኝ ኪሎ ግራም በላይ በሚሆን ኃይል ወደ ውጭ ትሳባለች። መኪናው የተሸከመው ጉልበትም በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ካለው ሰማንያ ስድስት እጥፍ ነው። አየሩ ደግሞ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ከሦስት ቶን ተኩል በላይ ይጫናል፤ አፍንጫው ጥቂት ቀና ቢል ይህ ኃይል መኪናውን ወደ ሰማይ ይወረውረዋል። የትኛው ዕቃ ከተጣለ ክምር ሊመጣ እንደሚችል፣ የትኛው ደግሞ ከቶ እንደማይችል መለየት የሙያው ሁሉ ማሰሪያ ነው፤ ይህን መለየት የሚያስተምር የዩኒቨርሲቲ ኮርስ እኔ አልገጠመኝም።

በጥቅምት 1964 መጀመሪያ ላይ የዋልት መኪና ቀድማ ቦንቪል ደረሰች። ዋልት ሕመምተኛ ስለ ነበር ቶም ግሪን የተባለ ሰው ነዳላት፤ በጥቅምት 2 ቀን በሰዓት 664 ኪሎ ሜትር አስመዘገበች። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በጥቅምት 5፣ አርት በ698 ኪሎ ሜትር የወንድሙን ክብረ ወሰን ሰበረ። ስምንት ቀን አልፎ ብሪድላቭ 754 አደረሰው፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ 846 ኪሎ ሜትር ነዳ። በዚህ ጉዞ መጨረሻ የማቆሚያ ጃንጥላዎቹ ተበጥሰው መኪናዋ የስልክ እንጨት ገንድሳ በጨዋማ ኩሬ ውስጥ ገባች፤ ብሪድላቭም ዋኝቶ ወጥቶ፣ ቀጥሎ ደግሞ ራሴን በእሳት አቃጥላለሁ ብሎ ቀለደ ይባላል። በጥቅምት 27 አርፎንስ ተመልሶ መጣና በ863 ኪሎ ሜትር ክብረ ወሰኑን ወሰደ። በአንድ ወር ውስጥ አምስት ጊዜ እጅ ተለዋወጠ ማለት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ብሪድላቭ ባለ አራት ጎማ አዲስ መኪና ይዞ ቀረበ። የዚህች መኪና ሞተር ከአርፎንስ ሞተር ጋር አንድ ዓይነት፣ ጄ-79 ነበር። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ልዩነቱ የሞተር መሆኑ ቀረና በአካል ቅርፅ፣ በጎማና በነጂ ሆነ። በኅዳር 2 ቀን 1965 ብሪድላቭ 893 ኪሎ ሜትር ነዳ። ሜዳው በእርሱ ቡድን ስም ተይዞ ስለ ነበር፣ አርፎንስ እንዳይገባበት ቀኖቹን ለመሙላት ሲባል የብሪድላቭ ባለቤት ሊ በመኪናዋ ገብታ ከ496 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳች፤ በዚህም በዚያ ጊዜ ከሴቶች ሁሉ ፈጣኗ ሆነች። የንግድ ተንኮል አንዳንድ ጊዜ ያላሰበውን መልካም ነገር ይወልዳል። አርፎንስ ተራው በደረሰ ጊዜ፣ በኅዳር 7፣ 927 ኪሎ ሜትር አስመዘገበ። በመልሱ ጉዞ መጨረሻ አንድ የኋላ ጎማ ፈነዳና ላሜራውን ቀደደው፤ የነጂው ክፍል በጭስ ተሞላ፤ እርሱ ግን መኪናውን አቁሞ ወረደ። ይህ ክብረ ወሰን የቆየው ስምንት ቀን ብቻ ነው፤ በኅዳር 15 ብሪድላቭ በ966 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰዓት ከስድስት መቶ ማይል በላይ በመንዳት ወሰደው።

ከዚህ በፊት ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ ይህን ርእስ የመረጥሁበት ምክንያት በውስጡ አለና። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ገና ሁለተኛ ዓመቴን ሳልጨርስ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ክፍል ኃላፊ ተደርጌ ነበር። አንድ ትልቅ የውኃ ፓምፕ ኩሽኔታ እየበላ አስቸገረን። በክፍሉ ውስጥ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ በጋራዥ የኖሩ፣ ቶርኖ ላይ ሲቆሙ እጃቸው የማይንቀጠቀጥ ሰው ናቸው። እርሳቸው ከአሮጌ የጭነት መኪና ሴሚያሴ ጊዜያዊ ዘንግ ቀርጸው ገጠሙና ፓምፑን አስነሡት። እኔ የብረቱ ዓይነት አይታወቅም፣ ስሌት አልተሠራለትም ብዬ አስወለቅሁት፤ ከውጭ አገርም አዲስ ዘንግና ኩሽኔታ አዘዝሁ። ዕቃው እስኪመጣ አራት ወር ፈጀ። ተገጥሞ በሦስተኛው ሳምንት እንደ ቀድሞው ኩሽኔታውን በላ። ጋሼ ፓምፑ አጠገብ ቁጢጥ ብለው መሠረቱን በመዳፋቸው ዳሰሱና፣ «የታመመው ኩሽኔታው አይደለም ልጄ፤ የተቀመጠበት ነው እንጂ» አሉኝ። መለኪያ አምጥቼ ብለካው የኮንክሪቱ መሠረት በአንድ ወገን ሰምጦ ኖሯል። «ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?» ብላቸው፣ «መች ጠየቅኸኝ?» አሉ። የእርሳቸው ዘንግ እስከ ዛሬ የወረቀት ማስቀመጫ ሆኖ በጠረጴዛዬ ላይ አለ።

ይህን የምናገረው የተማረውን ለመውቀስ፣ ያልተማረውን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። የአርፎንስ ታሪክ ሌላ ወገንም አለው። በኅዳር 17 ቀን 1966 ክብረ ወሰኑን ለማስመለስ በቦንቪል ተነሣ። በሰዓት 980 ኪሎ ሜትር ያህል ሲደርስ የቀኝ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ደርቆ ተያዘ። ጎማው ቆመ፤ መኪናው እየተንከባለለ ከአንድ ማይል በላይ ተጓዘ፤ ብረቱ በየጨው ሜዳው ተዘራ። ከዚያ ፍርስራሽ ውስጥ አርፎንስ በሕይወት ወጣ፤ ጉዳቱ የፊት መጫጫርና ጨው ያቃጠለው ዓይን ነበር ቢባል ለማመን ያስቸግራል። ነጂው የተቀመጠበትን ክፍል የሠራው እጅ ጥሩ ሠርቶ ነበር። ኩሽኔታውን ግን ከሌሎቹ ዕቃዎች ለይቶ የሚመረምር ሌላ ዓይን አልነበረም፤ ባለቤቱ፣ ሠሪው፣ መርማሪውና ነጂው አንድ ሰው ነበረና። ጋራዥ ውስጥ ብቻውን የሚሠራ ጥበበኛ ትልቁ ኃይሉ ማንንም ሳይጠብቅ መወሰኑ ነው፤ ትልቁ አደጋውም ያው ነው።

አደጋው በእርሱ ላይ ብቻ ቢቆም ኖሮ ነገሩ የግል ጉዳይ ይሆን ነበር። በጥቅምት 1971 በዳላስ በአንድ የእሽቅድምድም ሜዳ ላይ በሌላ የጄት መኪና ሲነዳ መቆጣጠር ተሳነው፤ አብሮት በመኪናው ውስጥ ተቀምጦ የነበረ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛና ሁለት የሜዳው ሠራተኞች ሞቱ። እርሱ ተረፈ። ስለ «አረንጓዴው ጭራቅ» የሚጽፉ ሰዎች ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ያልፉታል፤ ወይም ጨርሶ ይተዉታል። እኔ መተው አልቻልሁም። በጓሮው ሞተሩን ከዛፍ ጋር ያሰረ ሰው የሚያስቀን እኛ ከዛፉ ርቀን ስለ ቆምን ነው፤ ሌላ ሰው በጎኑ ሲቀመጥ ግን የሠሪው ድፍረት ለተሳፋሪው ዋስትና አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ አርፎንስ ወደ ትራክተር ጉተታ ውድድር ዞረ፤ በዚያም እንደ ልማዱ ከአውሮፕላንና ከሄሊኮፕተር የተወሰደ ተርባይን በትራክተር ላይ በመጫን ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆነ። በ1989 ዕድሜው ስድሳ ሦስት ሲሆን አነስተኛ ተርባይን የጫነች ቀጭን መኪና ሠርቶ ወደ ጨው ሜዳው ተመለሰ፤ እንደገና ተገለበጠ፤ እንደገናም ተረፈ። የክብረ ወሰኑ ነገር በዚያን ጊዜ በእንግሊዞች እጅ ነበር። በ1997 አንዲ ግሪን በሁለት ጄት ሞተሮች የምትገፋ መኪና በኔቫዳ በረሃ ላይ ከድምፅ ፍጥነት አልፎ 1,227 ኪሎ ሜትር አስመዘገበ፤ እስከ ዛሬም ያልተሰበረው ይህ ነው። በዚያች መኪና ላይ ኮምፒዩተሮችና ብዙ ሊቃውንት ተሰማርተው ነበር።

አርት አርፎንስ በታኅሣሥ 2007 በሰማንያ አንድ ዓመቱ አረፈ። ሲቀበር በእጆቹ መፍቻ አስያዙት፤ በአጠገቡ በብርጭቆ ዕቃ የቦንቪል ጨው አኖሩለት፤ አንድ መጽሐፍም ጨመሩበት። መጽሐፉ የጄ-79 ሞተር መመሪያ ነበር።